ክቡር ሥር፣ ወራዳ ሙጫ

ሼርሎክ ሆምስና ዶክተር ዋትሰን በእግር ተዘዋውረው ቤት ሲመለሱ አንድ እንግዳ ሲጠብቃቸው ቆይቶ፣ መታገስ አቅቶት ሄዷል። ሲሄድ ፒፓውን ጠረጴዛው ላይ ረስቷል። አርተር ኮናን ዶይል በ1893 ባወጣው «ቢጫው ፊት» በተሰኘ አጭር ልቦለድ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሆምስ ያንን ፒፓ አንስቶ እንደ ደብዳቤ ያነበዋል። ትምባሆ የሚሞላበት ራሱ የብራየር ሥር ነው። በጥርስ የሚያዘው መምጠጫው ደግሞ ትምባሆ ሻጮች አምበር የሚሉት፣ ከጥንት ዛፎች ፈሶ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ሙጫ ነው፤ ወይም ነው ይባላል። ሆምስ እዚህ ላይ ይቀልዳል። በለንደን ስንት እውነተኛ የአምበር መምጠጫ ይገኝ እንደሆነ ይጠይቅና፣ ውስጡ ዝንብ መታየቱን እንደ ማረጋገጫ የሚቆጥሩ ሰዎች እንዳሉ ያነሳል።

ከዚያ ነገሩን ይተወዋል። ዓይኑ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ፒፓው ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ሁለት ጊዜ ተጠግኗል፤ አንዴ እንጨቱ ላይ፣ አንዴ አምበሩ ላይ። ሁለቱም ጥገና የተሠራው በብር ቀለበት ነው፤ ቀለበቱም ፒፓው አዲስ ሳለ ከተገዛበት ዋጋ በላይ ያወጣል። ባለቤቱ በዚያው ገንዘብ አዲስ መግዛት ይችል ነበር። የሰበረውን ማስጠገን መርጧል። ስለዚህ፣ ይላል ሆምስ፣ ይህ ሰው ፒፓውን የሚወድ ሰው ነው።

ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ ፒፓ የሚሰበስቡና ስለ ፒፓ የሚጽፉ ሰዎች፣ ሆምስ በቀልድ ያለፈውን ጥያቄ የመጀመሪያም የመጨረሻም አድርገውታል። ከምንድን ነው የተሠራው? ብራየር ከሆነ ጨዋታው ይሞቃል፤ የእንጨቱ መስመር ይታያል፣ ያደገበት አገር ይጠየቃል። ከቱርክ እስኪሼሂር የሚወጣው ነጭ ቀላል ማዕድን፣ ሚርሻም፣ ከሆነ ከመቀመጫ ይነሱለታል። ከሙጫና ከዱቄት በፋብሪካ የተጋገረ ከሆነ ግን ጨዋታው እዚያው ላይ ይበርዳል። «ይሄማ ፕላስቲክ ነው» ይባላል። በአገራችን የገበያ ቋንቋ አንዱ ኦሪጅናል፣ ሌላው ፎርጂድ መሆኑ ነው። ይህ ንቀት ዕውቀት ተብሎ ይቀርባል እንጂ ሥራው የዘር ቆጠራ ነው፤ የማን ልጅ ነህ ብሎ ይጠይቃል፣ ምን ትሠራለህ ብሎ አይጠይቅም።

(ትምባሆ ይጨስ የሚል ካለ ይህ ጽሑፍ አይጠቅመውም። ከፒፓ የሚወጣ ጭስ አፍንም ጉሮሮንም በካንሰር ያጠቃል፤ ከእንጨትም ይውጣ ከሙጫ። እዚህ የተያዘው ክርክር ስለ ዕቃውና ስለ ፍርዱ ነው።)

ፒፓ ሲባል ዓይነ ሕሊና ምን ይስላል? ሬኔ ማግሪት በ1929 የሳለውና ስዕሉ ፒፓ አለመሆኑን ከሥሩ የጻፈበት ዝነኛ ስዕል ላይ ያለው ዓይነት፤ ቡናማ ራስ፣ ጥቁር መምጠጫ። ሠዓሊው ምስልና ነገር የተለያዩ መሆናቸውን ሊያሳይ ሲነሳ እንኳን የመረጠው ብራየር የሚመስለውን ነው። ሆምስ ራሱ በፖስተር ላይ የሚታወቀው ጎብጦ ከሚወርድ የቅል ፒፓ ጋር ነው፤ በዶይል ታሪኮች ውስጥ ግን ያ የቅል ፒፓ አንድም ጊዜ አይገኝም። የመድረክና የፊልም ሰዎች ናቸው ያስያዙት። የአገር ቤቱን ጋያ የሚያውቅ ሰው በቅል ማጨስ እንግዳ አይሆንበትም፤ እንግዳ የሚሆንበት አንዱ ዓይነት ዕቃ ተነጥሎ «እውነተኛው» መባሉ ነው።

እውነተኛው የተባለው ብራየር ደግሞ ሲመጣ ምትክ ሆኖ ነው የመጣው። አውሮፓ ትምባሆ ከለመደችበት ጊዜ ጀምሮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሕዝቡ ያጨሰው በሸክላ ነበር። የሆላንድ ጋውዳ ከተማ በዚህ ሙያ ትታወቅ ነበር። ሸክላ ርካሽ ነው፣ ጣዕም አያበላሽም፤ ግን ይሰበራል፣ እጅም ያቃጥላል። ሀብታሙ ሚርሻም ገዛ፤ እሱም ይሰበራል። ጀርመኖች ፖርሴሊን ሞከሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ በፈረንሳይ ዡራ ተራሮች፣ በሳን ክሎድ ከተማ ያሉ እንጨት ቆራጮች የሜዲትራኒያንን ቁጥቋጦ ሥር ይዘው ብቅ አሉ። ያን ጊዜ ብራየር አዲስ ዕቃ ነበር፤ ሸክላው የማይችለውን መውደቅና መነሳት የሚችል፣ ከሚርሻሙ በብዙ የሚረክስ፣ በፋብሪካ በብዛት የሚወጣ። ዛሬ ለሰው ሠራሽ ፒፓ የሚሰጠው መግለጫ ቃል በቃል ይኸው ነው። ስሙ እንኳን ሲሻገር ተዛብቷል። ፈረንሳዮቹ «ብሩዬር» ያሉትን እንግሊዞች «ብራየር» አሉት፤ በእንግሊዝኛ ብራየር እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው፤ ይህ ተክል ግን እሾህ የለውም።

ተክሉ ኤሪካ አርቦሪያ ይባላል። ፒፓ የሚሆነው ከግንዱና ከሥሩ መጋጠሚያ ላይ፣ ከመሬት በታች የሚያብጠው እባጭ ነው። እባጩ እዚያ የተቀመጠው ለጌጥ አይደለም። አገሩ እሳት የሚበዛበት ነው፤ ቅጠሉና ቅርንጫፉ ተቃጥሎ ሲያልቅ ተክሉ በእባጩ ውስጥ ካስቀመጠው ስንቅ እንደገና ያቆጠቁጣል። ጥቅጥቅ ያለ፣ ውሃ መያዝ የለመደ፣ ነበልባል በላዩ የሚያልፍበት እንጨት ነው። ትምባሆ ውስጡ ቢነድበት ቶሎ የማይከስለው በዚህ የተነሳ ነው።

ስሜን ተራሮችን የወጣ ሰው ይህን ተክል በዓይኑ አይቶታል። ባሌን ያየም እንዲሁ። አስታ ነው።

አስታ። ከ3000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ከጓሳና ከጅብራ ጋር ተጎራብቶ የሚበቅለው፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የደቀቀው፣ ሲያረጅ ሽበት የመሰለ ሽባ የሚያንጠለጥለው አስታ፣ በለንደንና በኮፐንሃገን መስኮቶች ውስጥ በመቶዎች ዶላር የሚሸጠው ክቡር ሥር ወንድም ነው፤ ወንድም ብቻ አይደለም፣ ያው ዝርያ ነው። በስሜን ማገዶ ነው። ለጎጆ ማገር ይሆናል። በባሌ ከብት አርቢው ለግጦሽ ብሎ ያነደዋል፤ አስታው ከእባጩ ያቆጠቁጣል፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ይነዳል። በ2019 ስሜን ሲቃጠል ከጓሳው ጋር አብሮ ነዷል። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ማንም ሰው ክቡር ብሎት አያውቅም። ምጣድ ሥር ሲማገድ የእንጨቱን መስመር አጎንብሶ የሚያደንቅ የለም።

ክብሩ በእንጨቱ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ስሜን ላይም በኖረ ነበር። ክብሩን የሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ሥራ ነው፣ ከሥራው በኋላም ወሬ ነው። ሥራውን ማቃለል ነውር ይሆናል። እባጩን የሚቆፍረው ሰው በካላብሪያ ወይም በኮርሲካ ገደል ላይ ቁጥቋጦውን እየመነጠረ፣ አሥርተ ዓመታት ያስቆጠረ ተክል ፈልጎ ያወጣል። እባጩ እንዳይሰነጠቅ እርጥብ እንደሆነ ይቀመጣል። ይቆረጣል። ቁራጩ ለብዙ ሰዓት ይቀቀላል፤ ጭማቂውና ምሬቱ ካልወጣ ሲጨስ አፍ ያኮማትራል። ከዚያ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ በዝግታ ይደርቃል። ይህን ሁሉ አልፎም ውስጡ ጠጠር ወይም ቀዳዳ ተገኝቶበት የሚጣለው ብዙ ነው። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ በማጣበቂያ ተደፍኖ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ወደ ገበያ ይሄዳል። «ተፈጥሯዊ» የሚባለው ፒፓ ይህ ነው፤ የተቀቀለ፣ የተመረጠ፣ የተደፈነ፣ የተቀባ። ተፈጥሮ ያደረገችው ነገር ተክሉን ከእሳት ማዳን ነበር፤ ፒፓውን ሰው ነው የሠራው።

(የኢትዮጵያው አስታም ፒፓ ይሁን ማለት አይደለም። እሳቱና ምሳሩ የሚበቃው ተራራ ነው፤ ዶማ ተጨምሮበት እባጩ ከተነቀለ የሚያቆጠቁጥበት ነገር አይኖርም። እንጨት በሙጫ ሊተካ የሚገባበት ቦታ ካለ አንዱ እዚህ ነው።)

እንጨቱን እዚህ ላይ ትተን ወደ መምጠጫው እንምጣ፤ የብራየር ወገኖች ዝም የሚሉበት ቦታ ነውና። የአንድን ውድ የብራየር ፒፓ ጥቁር መምጠጫ የሚነክስ ሰው የሚነክሰው ቩልካናይት ነው። ጎማ ከብዙ ድኝ ጋር በሙቀት በስሎ እንደ ቀንድ ሲጠነክር ይህ ስም ይሰጠዋል፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ኬሚስትሪ ውጤት ነው። ብርሃን ሲያገኘው አረንጓዴ ቡናማ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የድኝ ጣዕሙ ምላስ ላይ ይቀራል። ቩልካናይት ካልሆነም አክሪሊክ ነው፤ ጥርት ያለ ፕላስቲክ። ምላስና ከንፈር የሚነካው፣ ምራቅ የሚያርፍበት የፒፓው ክፍል ሰው ሠራሽ ከሆነ መቶ ዓመት አልፎታል። ማንም አልጮኸም። አልፍሬድ ደንሂል በ1907 ለንደን ውስጥ ሱቁን ከከፈተ በኋላ ከተፎካካሪዎቹ ሁሉ የተለየበት ምልክት ነጭ ነጥብ ነው፤ ሰብሳቢዎች ዛሬም መጀመሪያ የሚፈልጉት እሷን ነው። ነጥቧ የተተከለችው እንጨቱ ላይ አይደለም፤ ጥቁሩ መምጠጫ ላይ ነው። የመኳንንቱ ማኅተም ያረፈው ድኝና ጎማ ላይ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ፕላስቲክ አፍ ይገባል ወይስ አይገባም ከሆነ፣ ከገባ ቆይቷል። የቀረው ጥያቄ ወደ እሳቱ ምን ያህል ይጠጋ የሚለው ነው። በቤልጅየም ተወልዶ በአሜሪካ የሠራው ኬሚስት ሊዮ ቤክላንድ በ1907 ከፌኖልና ከፎርማልዲሃይድ ባክላይትን ሲሠራ፣ አዲሱ ሙጫ ቶሎ ከገባባቸው ሥራዎች አንዱ የፒፓ መምጠጫ ነበር፤ አምበርን ተክቶ። የሆምስ ቀልድ በፋብሪካ ደረጃ እውነት ሆነ። ወደ ራሱ፣ ፍሙ ወዳለበት ጉድጓድ ለመግባት ግን ባክላይት ብቻውን አይችልም። በሚጨስ ትምባሆ መካከል ሙቀቱ በመቶዎች ዲግሪ ይቆጠራል። ባዶ ሙጫ ይከስላል፣ ይሸታል።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሜዲትራኒያንን መንገድ ሲዘጋው አሜሪካኖች ብራየር አጡ። በአፓላቺያ ተራሮች የዱር ሎሬል ሥር ቆፈሩ፣ በካሊፎርኒያ ደግሞ ማንዛኒታ የሚባለውን። በጦርነቱ መሐል የአገሪቱ ታዋቂ ጄኔራል ዳግላስ ማክአርተር ከበቆሎ ቆረቆንዳ የተሠራ ፒፓ ነክሶ ፎቶግራፍ ይነሳ ነበር። ሚዙሪ ውስጥ ያለው ፋብሪካ ቆረቆንዳውን በጀሶ እየለቀለቀ ነው የሚሠራው። ቆረቆንዳውን ጄኔራል ሲነክሰው ማንም ወራዳ አላለውም። የቁሳቁስ ክብር በማን እጅ እንዳለ እንደሚወሰን ከዚህ ፎቶግራፍ የተሻለ ማስረጃ ለማግኘት ይከብዳል።

ሰላም ሲሆን ብራየር ተመለሰ፤ ሠራተኛው በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ በጥቂት ዶላር የሚገዛው ርካሽ ፒፓም ተፈለገ። በ1966 ኤስ ኤም ፍራንክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ብራይሎን አወጣ። ሙቀት የሚችል ሙጫ ከእንጨት ዱቄት ጋር ተደባልቆ በቅርጽ የሚጋገር ነው። ሜዲኮና ዬሎ ቦል በተባሉት ርካሽ ምልክቶቹ ለገበያ ቀረበ። አይሰነጠቅም፣ ጠጠር አይገኝበትም፣ አንዱ ከሌላው አይለይም። የብራየር ወዳጆች ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንደ ስድብ ይጠሩታል። ይከብዳል፣ ቶሎ ይግላል፣ ከታቹ ውሃ ይቋጥራል ይላሉ፤ በዚህ አልተሳሳቱም። እንጨት ርጥበት ይመጣል፣ ሙጫ አይመጥም።

የብራይሎን እውነተኛ ጥፋት ግን ሌላ ነው፤ ስለሱም ብዙ ሲባል አይሰማም። ብራይሎን ያፍራል። ስሙ ብራየርን ይቀላውጣል። ቀለሙ ቡናማ ነው፣ ቅርጹ የእንጨቱን ቅርጽ ነው። ከሩቅ ሲታይ «ብራየር ነኝ» ይላል፤ ሲቀርቡት አንገቱን ይደፋል። ከማንኛውም ቅርጽና ቀለም ሊጋገር የሚችል ነገር በእጁ ያለ ሰው፣ ድሃው ጎረቤቱ ፊት ሀብታም እንዲመስል ብቻ ተጠቀመበት። ንቀቱ የመጣው ከሰብሳቢዎቹ ብቻ አይደለም፤ መጀመሪያ የናቀው ሠሪው ነው። ዕቃውን በራሱ ስምና መልክ ለማውጣት ድፍረት አጣ፤ ገዢውንም የሚፈልገው ማስመሰያ ነው ብሎ ገመተው።

በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ያላፈረ አንድ ነበር። በካሊፎርኒያ ሱፐር ቴምፕ የሚባል ኩባንያ ለሮኬት ክፍሎች የሚሆን ፓይሮሊቲክ ግራፋይት ይሠራ ነበር፤ ሌላው ነገር ሁሉ የሚቀልጥበትን ሙቀት የሚችል ካርቦን ነው። ይህን ግራፋይት ጉድጓዱ ውስጥ እንደ ገበር ከተቱና ውጪውን በፌኖል ሙጫ ሠሩት። ስሙን «ዘ ፓይፕ» አሉት፤ «ፒፓው» እንደ ማለት። ትዕቢቱ ደስ ይላል። ጥቁር ነበረ፣ ቀይ ነበረ፣ ሰማያዊና አረንጓዴም ነበረ። ማንም ሰው አረንጓዴ ፒፓ ይዞ እንጨት ነው ብሎ አይዋሽም። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ተሸጠ፤ ከዚያ ቀረ። ጉድለት ነበረበት። ግራፋይቱ ርጥበት ስለማይመጥ ከታች ጤዛ ይጠራቀማል፤ በወረቀት እየጠረጉ ማጨስ ያስፈልጋል። ፈርሶ የቀረው ግን በዚህ ብቻ አይመስልም። በሥዕልም በፊልምም ፒፓ ቡናማ ነው፤ አረንጓዴውን አፉ ላይ ያደረገ ሰው አሳቢ አይመስልም፣ አባት አይመስልም። ገበያው የገዛው ጭስ ብቻ አልነበረም፤ መልክ ነበር።

ሮላን ባርት በ1957 ባሳተመው «ሚቶሎጂ» ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ሁለት አጫጭር መጣጥፎች አሉ፤ ሁለቱ አይስማሙም። ስለ መጫወቻ በጻፈው ላይ የእንጨትን መጥፋት ያዝናል። እንጨት ልጅን አያቆስልም፣ አይፈርስም፣ ከልጁ ጋር አብሮ ያረጃል ይላል፤ ፕላስቲኩ ግን ቀዝቃዛና የኬሚስትሪ ልጅ ነው። ስለ ፕላስቲክ ራሱ በጻፈው ላይ ግን ሌላ ነገር ያያል። የቀድሞ አስመሳይ ቁሶች፣ የሐሰት አልማዝም ሆነ የሐሰት ሐር፣ ሀብታም ለመምሰል የተፈጠሩ ናቸው፤ ፕላስቲክ ግን ተራ ለመሆን ፈቃደኛ የሆነ የመጀመሪያው ቁስ ነው፣ የቁሶችንም ደረጃ ያፈርሳል። መጨረሻው ላይ ባርት ራሱ ይፈራዋል፤ ዓለም በሙሉ ፕላስቲክ ሊሆን ነው ብሎ። አንድ ሰው በአንድ መጽሐፍ ውስጥ እንጨትን ማልቀስና ፕላስቲክን መገረም ችሏል። የብራየር ወገን የመጀመሪያውን መጣጥፍ ብቻ ያነበበ ሰው ይመስላል፤ ብራይሎን ደግሞ ሁለተኛውን ያላነበበ ሠሪ ያወጣው ነው፤ ተራ ለመሆን ያልፈቀደ ፕላስቲክ።

በአገር ቤት ይህ ክርክር እንስራና ጄሪካን በሚል ስም ይታወቃል። ቢጫው ጄሪካን ሲመጣ እንስራው ከጀርባ ወረደ። ስለ እንስራ ውበት የሚያዜመው ብዙውን ጊዜ ያልተሸከመው ነው፤ ባዶውን የሚከብድ ሸክላ ቁልቁለት ወርዳ ሽቅብ የወጣችው ሴት ስለ ጄሪካኑ ቅሬታ አላሰማችም። ልብ ይባል፤ ጄሪካን ሸክላ ለመምሰል ሞክሮ አያውቅም። ቢጫ ነው፣ ፕላስቲክ ነው፣ ቀላል ነው። ማንም «ፎርጂድ እንስራ» አላለውም።

በብራየር ወገን ከሚነሱት ነጥቦች የማይናቁም አሉ። ጤናን በተመለከተ ሲያነሱ መስማት ያስቃል፤ «ከሙጫው ፎርማልዲሃይድ ይወጣል» ብሎ ከተጨነቀ በኋላ ፎርማልዲሃይድ ያለበትን የትምባሆ ጭስ በደስታ የሚስብ ሰው ቀልዱን ራሱ ጨርሶታል። ጣዕምና ርጥበት ሲሉ ግን እውነት አላቸው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ብዙም የማያነሱት ነው፤ ጥገና። የብራየር ፒፓ መምጠጫው ቢሰበር ሌላ ይገጠምለታል፣ ጉድጓዱ በከሰል ሲሞላ ይፋቃል፣ ፊቱ ይወለወላል፣ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ብራይሎን ርካሽ ስለሆነ ተሰብሮ ይጣላል። ተጥሎም ችግር ነው፤ አንዴ የጠነከረ የፌኖል ሙጫ ዳግም አይቀልጥም፣ ሌላ ዕቃ አይሆንም። የተጣለ ብራየር አፈር ይሆናል፤ የተጣለ ብራይሎን የጣለውን ሰው ልጆች ዕድሜ ይሻገራል። የብራየር ወገን ክርክሩን እዚህ ላይ ቢተክለው ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ይከብድ ነበር። እዚህ ላይ አይተክለውም፤ ጥገና ለርካሹ ብራየርም ለውዱም እኩል ይሠራልና፣ ማንንም ከማንም አያስበልጥም። የዘር ሐረጉን ይመርጣል።

ወደ ሆምስ ጠረጴዛ እንመለስ። «ቢጫው ፊት» የሚለው ርዕስ ከፒፓው ጋር አይገናኝም። ፒፓውን የረሳው ግራንት መንሮ የሚባል ሰው ነው፤ ሚስቱ ከእሱ የምትደብቀው ነገር አላት። በጎረቤት ጎጆ መስኮት ላይ ሕይወት የሌለው የሚመስል ቢጫ ፊት ታይቶታል። ሆምስ ይገምታል፤ የመጀመሪያ ባሏ በሕይወት አለ፣ እያስፈራራ ገንዘብ ይቀበላታል። ወደ ጎጆው ሲገቡ ፊቱ ጭምብል ሆኖ ይገኛል። ከጭምብሉ ሥር ያለችው ትንሽ ጥቁር ልጅ ናት፤ ሚስቲቱ አሜሪካ ሳለች ከሞተው ከመጀመሪያ ባሏ፣ ከአፍሪካ ዘር ከሆነው ጠበቃ፣ የወለደቻት። ጭምብሉ የተደረገላት በልጅቷ ነውር ኖሮ አይደለም። ጎረቤት ምን ይላል ተብሎ ነው።

ልጅ ከዕቃ ጋር አትነጻጸርም፤ ማነጻጸሩም ነውር ነው። የሚመሳሰለው ጭምብሉን የሚያጠልቀው ፍርሃት ነው፤ ብራይሎንን ቡናማ የቀባው ሠሪ ከዚያው ምንጭ፣ ከጎረቤት ዓይን፣ ቀድቷል። ዶይል ግን ከዚህ የሚልቅ ነገር አድርጓል፤ ታሪኩን የሚያጠኑትም ሲያልፉት ይታያል። ሆምስ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተሳስቷል፤ ከጥቂት ስህተቶቹ አንዱ ነው፣ ራሱም ያምናል። የተሳሳተው መልሱ በእጁ ሳለ ነው። ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰውየው ምን ዓይነት እንደሆነ ከፒፓው አንብቦ ነበር፤ የተሰበረበትን የማይጥል፣ ከአዲሱ ይልቅ የያዘውን የሚመርጥ፣ ለጥገናው ከዋጋው በላይ የሚከፍል። እንዲህ ያለ ሰው ጭምብሉ ሲወልቅ ምን እንደሚያደርግ መገመት ይቻል ነበር። ሆምስ ይህን ንባቡን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ፤ ልክ መንሮ ፒፓውን እንደተወው።

ጭምብሉ ከወለቀ በኋላ መንሮ ዝም ብሎ ይቆያል። ከዚያ ልጅቷን ያነሳና ይስማታል፤ በአንድ እጁ እንደታቀፋት ሌላውን እጁን ለሚስቱ ዘርግቶ ወደ በሩ ይሄዳል። ስለ ፒፓው መምጠጫ፣ አምበሩ እውነተኛ ይሁን ሐሰተኛ፣ ዶይል ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አይጽፍም።